የአንድ ቃል ሦስት ሥራ፤ «ሶብሬ» የተባለው የእስፓንያ ቃል ታሪክና ለቋንቋ መምህር የሚሰጠው ትምህርት

የውጭ አገር ቋንቋ የሚማርን ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈራው የቃላት ብዛት ነው። ጥቂት ወራት ከተማረ በኋላ ግን ከብዛቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር መሆኑን ይረዳል፤ ይኸውም አንዱ ቃል በአንድ ስፍራ ስም፣ በሌላ ስፍራ ግሥ፣ በሦስተኛው ስፍራ ደግሞ መስተዋድድ ሆኖ መገኘቱ ነው። በእስፓንያ ቋንቋ «ሶብሬ» የተባለው ቃል ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው።

ይህ ቃል መስተዋድድ ሲሆን «ላይ» ማለት ነው፤ ደግሞም «ስለ» የሚለውን ይተካል፤ ከሰዓት ጋር ሲነገርም «ገደማ» የሚል ትርጓሜ ያገኛል። ስም ሲሆን ደብዳቤ የሚታሸግበት ፖስታ ነው። ግሥ ሲሆን ደግሞ «ሶብራር»፣ ማለት «መትረፍ»፣ ከሚለው ወጥቶ «ይትረፍ» የሚለውን የምኞት አነጋገር ያመለክታል። ስለዚህ «ኤል ሶብሬ ኤስታ ሶብሬ ላ ሜሳ» ሲባል «ፖስታው በጠረጴዛው ላይ ነው» ማለት ሲሆን፣ «ኬ ሶብሬ ፓን» ሲባል «ዳቦ ይትረፍ» ማለት ነው። ሦስቱን ለየብቻቸው በቃል የሚያጠና ተማሪ ሦስት ሸክም ይሸከማል፤ የቃሉን ታሪክ ለተረዳ ግን ሸክሙ አንድ ይሆንለታል።

የእስፓንያ ቋንቋ ከላቲን የተወለደ መሆኑ የታወቀ ነው። በላቲን «ሱፔር» ማለት «በላይ» ማለት ነበር። ዘመን ሲያልፍ «ሱ» ወደ «ሶ»፣ «ፐ» ወደ «በ» ተለወጡ፤ የመጨረሻውም «ር» ስፍራውን ለቅቆ ወደ ፊት በመሻገሩ ቃሉ «ሶብሬ» ሆነ። ከዚሁ ሥር የበቀለ «ሱፔራሬ» የሚባል ግሥ ነበረ፤ ትርጓሜውም በላይ መሆን፣ መብለጥ፣ ማሸነፍ ነው። እስፓንያውያን ይህን «ሶብራር» ብለው ወረሱት፤ ከሚበቃው በላይ የሆነ ነገር ይተርፋልና የመብለጥ ትርጓሜ ወደ መትረፍ ዞረ። ፖስታውም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ለብቻው የተሠራ ፖስታ በ19ኛው መቶ ዓመት ከመለመዱ በፊት ደብዳቤው ራሱ ታጥፎ ይታሸግና የተቀባዩ ስም በውጭው ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ይህም ጽሕፈት «ሶብሬስክሪቶ»፣ ማለት «በላይ የተጻፈ»፣ ይባላል፤ «ሶብሬ» የሚለውም ስም ለአድራሻውም ለመሸፈኛውም መጠሪያ ሆነ።

ቃላትን እንደየሥራቸው ለይቶ ማስተማር በእስፓንያ የቆየ ጥበብ ነው። በሳላማንካ ያስተምር የነበረው አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ዓ.ም. የካስቲልያን ቋንቋ ሰዋስው በዚያችው ከተማ አሳትሞ ለንግሥት ኢሳቤል አበረከተ። የቃል ክፍሎችን 10 አድርጎ ቈጠረ፤ ከመጽሐፉም 5 ክፍሎች የመጨረሻውን ቋንቋው ባዕድ ለሆነባቸው ተማሪዎች መደበው። ከዚያም በ1713 ዓ.ም. የተመሠረተው የእስፓንያ ንጉሣዊ አካዳሚ ከ1726 እስከ 1739 ዓ.ም. ድረስ ባለ 6 ጥራዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በዚህም መጽሐፍ ለቃላት ትርጓሜ ከታወቁ ደራስያን ጽሑፍ ምስክር ይጠቀሳል። የቃል ትርጓሜ የሚረጋገጠው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ በመታየቱ ነውና።

ነገር ግን መልካቸው የሚመሳሰል ቃላት ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ አይደሉም። በዚሁ ቋንቋ «ቢኖ» ማለት የወይን ጠጅ ነው፤ ደግሞም «መጣ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ከላቲን «ዊኑም»፣ ሁለተኛው መምጣትን ከሚያመለክተው «ዌኒሬ» የወጣ ስለ ሆነ፣ በድምፅ ተገናኙ እንጂ ዝምድና የላቸውም። እነዚህን ለማዛመድ ተረት የሚፈጥር መምህር ተማሪውን ያሳስታል። ታሪክ የሚጠቅመው የሚዋሐደውን ለማዋሐድ ብቻ ሳይሆን የሚለየውን ለመለየትም ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም። «አለ» የሚለው ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን አይለያቸውም። «ላይ» የሚለውም ቃል «በጠረጴዛው ላይ» ሲባል ስፍራን፣ «ከመቶ በላይ» ሲባል ብልጫን ያመለክታል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ «ሶብሬ» ከላይነት ወደ ትርፍ የተጓዘበትን መንገድ በገዛ ቋንቋው አስቀድሞ ያውቀዋል።

እንዲህ ባለው ቃል የተደናገረ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይባላል፤ ዳሩ ግን ጉድለቱ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ነጥሎ በዝርዝር ካስጠናው ትምህርት ላይ ሊሆን ይችላል። በፊቱ «ኤል» የሚለው የስም ምልክት ቢኖር ፖስታ መሆኑን፣ ስም ቢከተለው መስተዋድድ መሆኑን፣ «ኬ» ቀድሞት ምኞት ቢነገርበት ግሥ መሆኑን እንዲመረምር ይለምድ። የቃሉን ሥራ በዚህ ዐይነት ከለየ በኋላ የሥሩ ታሪክ ቢነገረው፣ ትምህርቱ በአእምሮው ጸንቶ ይኖራል፤ ነገ በሌላ ቃል ላይም ራሱ ይመረምርበታል።