ግድግዳውና ገበያው

ኮቨንት ጋርደን ለሦስት መቶ ዓመታት የለንደን አትክልት ተራ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1670 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ የማካሄድ ፈቃዱን ለአካባቢው ባለርስት ሰጡ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን የመሃል ከተማው ጠባብ መንገድ የጭነት መኪናውን ብዛት አልቻለውም። ገበያው ቴምዝን ተሻግሮ ወደ ናይን ኤልምስ እንዲዛወር ተወሰነ፤ የከተማው ሹማምንትም የሚለቀቀውን ሰፈር አፍርሰው በሰፋፊ መንገዶችና በቢሮ ሕንፃዎች ሊተኩት አቀዱ።

ነዋሪው ተደራጅቶ ተቃወመ። በ1973 ከ200 በላይ ሕንፃዎች በቅርስነት ተመዘገቡ፤ ዕቅዱም ከሸፈ። ነጋዴዎቹ ግን በ1974 ሄዱ። አዳራሹ በ1980 ታድሶ ሲከፈት ካሮትና ድንች የሚራገፍበት መሆኑ ቀርቶ የጎብኚ መገበያያ ሆኖ ነበር። ግድግዳው ዳነ፤ ገበያው ሄደ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ በምሥራቅ ለንደን ሌላ ሙግት ተነሣ። በኒውሃም፣ ከአፕተን ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ኩዊንስ ማርኬት ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ቤተሰቦች የሚሸምቱበት ነው። ባሚያውና ቲማቲሙ በሳህን ተሞልቶ ይሸጣል፤ ጉሊት ላይ በመደብ እንደሚሸጠው ማለት ነው። የአካባቢው አስተዳደር ቦታውን ሴንት ሞድዌን ከተባለ ኩባንያ ጋር መልሶ ሊያለማ ተነሣ፤ በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ አዝዳ የተባለው ሱፐርማርኬትም ነበረበት።

ነጋዴውና ሸማቹ «የኩዊንስ ማርኬት ወዳጆች» ብለው ተሰባሰቡ፤ ፊርማም አሰባሰቡ። በ1960ዎቹ የተሠራው የገበያው ሕንፃ በቅርስነት የሚያስከራክር አልነበረምና ሙግታቸውን በዋጋው ላይ አደረጉ። በ2006 ኒው ኢኮኖሚክስ ፋውንዴሽን የተባለ የጥናት ተቋም ዋጋውን አነጻጽሮ፣ የገበያው አስቤዛ በአቅራቢያው ካለው ሱፐርማርኬት በአማካይ በ53 በመቶ እንደሚረክስ አስታወቀ። በዚያው ዓመት አዝዳ ከዕቅዱ ወጣ። ኩባንያው ባለ 31 ፎቅ ሕንፃ ያለበት ሌላ ዕቅድ ይዞ ቢመጣም፣ በ2009 የከተማዋ ከንቲባ ቦሪስ ጆንሰን ውድቅ እንዲሆን አዘዙ።

የመጨረሻው ፊርማ የሹም መሆኑ አልቀረም። ይሁንና ጉዳዩ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ገበያው እንዲቆም ያደረገው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ለዓመታት ሳይሰለች ተሟግቷል።

የአዲስ አበባ አትክልት ተራም በ2020 በኮቪድ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ለመዛወሩ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ኮቨንት ጋርደንም ነበረው። ገበያ በተነሣ ቁጥር ግን ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለሸማቹ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ነገ አንድ መደብ ቲማቲም ስንት ይገባል? ዛሬ የሚገዛው ሰውስ ነገም መግዛት ይችላል?