ስደተኛ፥ እንግዳና ጥገኛ፤ ስለ ስደተኞች አቀባበል በኢትዮጵያ ታሪክ

በውጭ አገር በምማርበት ጊዜ አንድ መምህሬ፥ አገሩን ጥሎ በሌላ መንግሥት ጥላ ሥር የሚኖር ሰው በቋንቋችሁ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ስደተኛ ይባላል፥ ተቀባዩ መንግሥት የሚሰጠው መብት ደግሞ ጥገኝነት ይባላል ብዬ መለስሁለት። የቃሉን ፍች እንዳስረዳው በጠየቀኝ ጊዜ ግን ዐፈርሁ። ምክንያቱም ጥገኛ የሚለው ቃል በሰው ጫንቃ የሚኖረውን ሥራ ፈት፥ በሌላ ፍጥረት አካል ላይ ተጣብቆ የሚመገበውንም ትል የሚጠራ በመሆኑ ነው። ሕዝብ ስለ ስደተኛ ያለው አስተያየት በቃሉ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛልና፥ እነዚህ ሁለት ፊቶች በታሪካችን ውስጥ እንዴት እንደ ተገለጡ መመርመር ለታሪክም ሆነ ለሕዝብ ልማድ ጥናት የሚጠቅም መስሎ ታየኝ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፥ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመን ቃላቱን እንመልከት። ስደተኛ የሚለው ቃል ተሰደደ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ፊቱን የመለሰው ወደ ተለቀቀው አገር ነው፤ ሰውየውን ያሳደደ ኀይል እንዳለ ያስታውቃል። ጥገኛ ግን ተጠጋ ከማለት የወጣ ነውና ፊቱን ያዞረው ወደ ተቀባዩ ነው። ከግእዝ የወረስነው መጻተኛ መምጣቱን ብቻ ይናገራል፤ እንግዳ ደግሞ ወዳጅም ይሁን ባዕድ ከደጅ የደረሰውን ሁሉ ይጠራል። ከእነዚህ መካከል ስደት የሚለው ቃል በሃይማኖት በኩል ትልቅ ክብር አለው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚጾመው የጽጌ ጾም፥ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ ለተሰደደችበት መታሰቢያ ነው። በእስልምናም ዘንድ ወደ ሐበሻ የተደረገው ስደት ከሃይማኖቱ የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ አንዱ ክፍል ነው። እንግዲህ ስደት ራሱ በሕዝባችን ዘንድ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው፥ ከዚህ በታች ለማሳየት እንደምሞክረው፥ ስደተኛው ሳይሠራና ሳይዛመድ በጥግ ተቀምጦ እንዲቀር በተደረገ ጊዜ ነው።

በጥንቱ ልማድ የመሸበት መንገደኛ ከደጃፍ ቆሞ፥ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝና አሳድሩኝ ባለ ጊዜ፥ ባለቤቱ ስሙንና አገሩን ከመጠየቁ በፊት እግሩን አጥቦ፥ ከቤት ያለውን አቅርቦ ያሳድረው ነበር። በደም ወይም በንጉሥ ቍጣ የሚፈለግ ሰው ደግሞ እንደ አክሱም ጽዮን ባለ ደብር ገብቶ ሲማፀን፥ አሳዳጁ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ይህ ልማድ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በኦሮሞ ዘንድ ሞጋሳ በሚባለው ሥርዓት ከሌላ ወገን የመጣ ሰው፥ አንዳንድ ጊዜም መላው ነገድ፥ የጎሣው ልጅ ተብሎ ይቈጠራል፤ መብቱንም ግዴታውንም ይካፈላል። በሶማሌ ዘንድ መገን ያለ ሰው ከጠባቂው ጎሣ ጥላ ሥር ይገባል፤ እርሱን መንካት ጠባቂውን መድፈር ነው። በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩት ኑዌሮች ከዲንካ የመጡትን ብዙ ሰዎች በትውልድ ሐረጋቸው አስገብተው የራሳቸው እንዳደረጓቸው የሕዝብ ልማድ ሊቃውንት በሰፊው ጽፈዋል።

እነዚህ ልማዶች በብዙ ነገር ቢለያዩም ሁለት ነገር ያገናኛቸዋል። አንደኛው፥ ለመጣው ሰው መልስ የሚሰጥለት፥ ዋስ የሚሆንለት የታወቀ ሰው ወይም ደብር ወይም ጎሣ መኖሩ ነው። ሁለተኛው፥ እንግድነት መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። እንግዳው አንድም መንገዱን ይቀጥላል፥ አንድም መሬት ተመርቶ ወይም ተዛምዶ የአገር ሰው ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፥ ሲሰነብት ብር፥ ሲከርም ብረት ነው የሚለው፥ እንደየአገሩ ልዩ ልዩ መልክ ያለው ምሳሌያዊ አነጋገር፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የንፉግነት ምልክት አይደለም። እንግድነት ከመጠን ሲያልፍ ለሁለቱም ወገን እንደማይበጅ የሚያመለክት የልምድ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማመስገን የታሪክ ጸሓፊ ተግባር አይደለም። ጥንታዊው መጠለያ በባለጥጉ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፥ ፈቃዱ ሲለወጥ መጠለያውም ይፈርስ ነበር። ከዚህም የከፋው ለሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። መኳንንት ገዳም ገብተው ሲማፀኑ፥ በምዕራብና በደቡብ ጠረፍ ጦርና ረኀብ ያፈለሳቸው ብዙ ምስኪኖች ግን የጠበቃቸው የእንግዳ መደብ ሳይሆን የባሪያ ንግድ ነበር። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ስንናገር ይህን መርሳት አይገባም።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በአውሮፓ አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም መንግሥት መምጣታቸው ነው። ኢብን ኢስሓቅ የጻፈውና በኢብን ሂሻም በኩል የደረሰን ታሪክ ስለ ሕዝብ አስተያየት ብዙ ያስተምራል። የመካ ቍረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብን አልዓስንና ጓደኛውን ላኩ። መልእክተኞቹም ወደ ንጉሡ ከመቅረባቸው በፊት ለሹማምንቱ እጅ መንሻ ሰጡ። ሹማምንቱም ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይሰማ እንዲመለሱ መከሩ። ንጉሡ ግን በእኔ ጥላ የተጠጉትን ሳልሰማ አልሰጥም ብሎ አስጠራቸው፤ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ስለ ሁሉ ሆኖ ተናገረ። በማግሥቱ መልእክተኛው የሃይማኖት ልዩነት አንሥቶ ንጉሡን ሊያስቈጣ ቢሞክርም አልሆነለትም፤ እጅ መንሻውም ተመለሰለት። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ንጉሡ ደግነት ብቻ ይተረካል። እኔ ግን ይበልጥ ልብ ልንለው የሚገባው ሥርዓቱ ነው እላለሁ። ስደተኛው በችሎት ቆሞ በአንደበቱ ተናገረ፤ ስለ እርሱ የተወራውና እርሱ ራሱ የሚለው ተለየ። የሹማምንቱ ምክርም በዘመናችን ጭምር የምንሰማው ዓይነት ነው፤ ለአንድ እፍኝ ባዕዳን ሲባል ከጎረቤት ጋር ስለ ምን እንጣላለን የሚል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ እኛ ዘመን የቀረበ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ከተፈጸመባቸው እልቂት የተረፉ የአርመን ልጆች በኢየሩሳሌም ተጠልለው ይኖሩ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ የልጆቹን የሙዚቃ ጓድ ሰምተው፥ በአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ አርባውን ወደ ዐዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ በከተማው ታሪክ ቀረ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የደረሰው የሰላምታ ዜማም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። ከእነርሱ በፊትም ሆነ በኋላ የመጡት አርመኖች በወርቅ ሥራ፥ በስፌት፥ በማተሚያና በንግድ ታውቀው ነበር። ማንም ጥገኛ ብሎ የጠራቸው የለም፤ መተዳደሪያቸው በእጃቸው ነበረና። ጥቂቶች፥ ክርስቲያኖችና ባለ ሙያዎች መሆናቸው ነገሩን እንዳቀለለው አይካድም። ነገር ግን በር የተከፈተለት ሰው ለአገሩ ምን ሊያበረክት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ብዙ ዓመት ሳይቈይ ተራው የእኛ ሆነ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፥ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በባዝ ከተማ ተቀመጡ፤ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንም ወደ ጅቡቲ፥ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ተሰደዱ። በኬንያ የተጠጉት አስቀድሞ በኢሲዮሎ፥ ኋላም በታቬታ በሰፈር ተከልለው ኖሩ፤ ወጪያቸውም ለእንግሊዝ መንግሥት የክርክር ምክንያት ሆነ። በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ወር ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ግን አስተያየቱ ባንድ ጊዜ ተለወጠ። ትናንት ሸክም የተባሉት ሰዎች ጠመንጃ ተሰጥቷቸው አገራቸውን ነጻ ለማውጣት ዘመቱ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የተሰጣቸው ቦታ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ከነጻነት በኋላ የስደተኛ ጉዳይ ከንጉሥ ፈቃድና ከጎሣ ልማድ ወጥቶ የሕግ ጉዳይ ሆነ። ጳጕሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞችን ስምምነት በዐዲስ አበባ አጸደቀ። ስምምነቱ በግል ከሚሳደደው ሰው ሌላ፥ በወረራ፥ በባዕድ አገዛዝና የሕዝብን ጸጥታ በሚያናውጥ ሁከት ምክንያት የተሰደደውንም ስደተኛ አለው። ስደተኛን መቀበልም የሰላምና የሰብዓዊነት ተግባር እንጂ በጎረቤት መንግሥት ላይ የጠላትነት ሥራ ተደርጎ እንዳይቈጠር ደነገገ፤ የአክሱም ሹማምንት ላነሡት ሥጋት የተሰጠ መልስ ይመስላል። ከሁለት ወር በኋላ፥ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም.፥ ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 የተደረገውን የዓለም ስምምነት ተቀበለች። ነገር ግን ስለ ደመወዝ ሥራና ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የተጻፉትን አናቅጽ የምትቀበላቸው እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አለመሆኑን አስታወቀች። መንግሥት የራሱን ሥራ አጥ ሕዝብ አስቦ እንዲህ ማድረጉ የሚገባ ነው። ውጤቱ ግን ስደተኛውን በሕይወት ማኖርና ሰው ሆኖ እንዲኖር ማድረግ መለያየታቸው ሆነ።

የልዩነቱ መልክ በሰፈር ታየ። በ1975 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደ ገና በተነሣ ጊዜ በጋምቤላ አጠገብ በኢታንግ የተሰበሰቡት ሰዎች ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሆነው ተቈጠሩ። በ1980 ዓ.ም. ማለቂያ ደግሞ ከሐርጌሳና ከቡርኦ የሸሹ ሶማሌዎች በሐርትሼክ ሠፈሩ፤ ይህም ሰፈር በዓለም ካሉት ትልቁ እስከ መባል ደርሶ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ለሐርትሼክ ውሃ በመኪና ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ የአካባቢው ዛፍም ለማገዶ አለቀ። በጋምቤላ ከስደተኞቹ ብዙዎቹ የኑዌር ወገን ስለ ነበሩ፥ አኝዋኮች በገዛ አገራቸው ቍጥራቸው እንዳያንስና መሬታቸው እንዳይወሰድባቸው ፈሩ። እነዚህ ሥጋቶች ከክፋት የመጡ አይደሉም። ለስደተኛው እህል በዓለም ድርጅት እጅ ሲመጣ ለጎረቤቱ ድኻ ግን አይመጣም፤ ዛፉንና ምንጩን ግን ሁለቱ ይካፈላሉ። በጥንቱ ልማድ አስተናጋጁ ሰጪ ስለ ነበረ ክብር ያገኝ ነበር፤ በሰፈር ዘመን ግን ሰጪው ሌላ፥ ቻዩ ሌላ ሆነ። እንግዳውም ለባለቤቱ የሚመልሰው ነገር አጣ። በዚህ ጊዜ ጥገኛ የሚለው ቃል ሁለተኛ ፊቱን አወጣ።

የሰፈርና የሰፈርተኛ ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የመተማን መንገድ ይመልከት። በ1977 ዓ.ም. ከረኀብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ኡምራኩባ ከተጠለሉባቸው ሰፈሮች አንዱ ነበረ። ይኸው ሰፈር በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ለአዲስ ስደተኞች እንደ ገና ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ራስዋ በጦርነት ስትናወጥ ደግሞ ሱዳናውያን በተቃራኒው አቅጣጫ በመተማ ገቡ፤ በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። አካባቢው ራሱ በጦርነት የታመሰ ስለ ነበረ በሽፍቶች ተዘረፉ፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ሰፈሩን ለቀው በመንገድ ዳር በዱር ተቀመጡ። ትናንት ተቀባይ የነበረው ዛሬ ተቀባይ ፈላጊ ሆነ። በዚህ መንገድ ላይ ለዘለዓለም ባለጥግ የሆነ ሕዝብ የለም።

የሕጉ አካሄድ ግን ቆሞ አልቀረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 409 የስደተኛውን ሥራ ለማንኛውም የውጭ አገር ሰው በተደነገገው ልክ ወሰነው። በ2002 ዓ.ም. የኤርትራ ስደተኞች ራሳቸውን የሚችሉ ወይም የሚረዳቸው ዘመድ ያላቸው ከሆነ ከሰፈር ውጭ እንዲኖሩ ተፈቀደ። የዋስ ልማድ በመንግሥት ደብዳቤ ተመልሶ መጣ ለማለት ይቻላል፤ ሥራ ግን አልተጨመረበትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1110 የመሥራትን፥ ከቦታ ወደ ቦታ የመዘዋወርንና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመማርን መብት በግልጽ ጻፈ። በ1962 ዓ.ም. ምክር ብቻ ነው የተባለው ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ሕግ ሆነ። በወረቀት የተጻፈው በገበያና በእርሻ እስኪታይ ድረስ ግን መንገዱ ረዥም ነው፤ ሥራ ያጣው የአገር ልጅም በዚሁ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሕዝብ ስደተኛን የሚወደው ወይም የሚንቀው በጠባዩ ደግ ወይም ክፉ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ስደተኛው የተሰጠው ቦታ አስተያየቱን ይወልዳል። በችሎት የቆመው ተሰማ፤ ሙያውን ያወጣው ተከበረ፤ ጠመንጃ የያዘው አርበኛ ተባለ፤ በራሽን ካርድ የተቀመጠው ግን ጥገኛ ተባለ። አባቶቻችን እንግድነት መጨረሻ እንዳለው ያውቁ ነበርና፥ ለሚሰነብተው እንግዳ መዛመጃ መንገድ አበጅተውለት ነበር። ሞጋሳን፥ መገንንና የደብር መማፀኛን የምንመረምረው እንደ ሙዝየም ዕቃ ለማስቀመጥ አይደለም። ለብዙ ሺህ ሰው ሊሆን የሚችል፥ በባለጥጉ ፈቃድም የማይሻር መንገድ ከእነርሱ ምን እንደምንማር ለማወቅ ነው። የሕዝብ ልማድ ተማሪዎች በየጠረፉ ወርደው ባለቤቱንም እንግዳውንም በየቋንቋቸው ቢጠይቁ ይህ ጽሑፍ ያላያቸውን ብዙ ነገሮች ያገኛሉ። ከሁሉ አስቀድመው ግን ንጉሡ ከሹማምንቱ ምክር በፊት ያደረገውን ያድርጉ፤ ስደተኛውን ራሱን ይስሙት።