የተቀረቀረ አረር ማውጫ

በመተማና በገላባት ዕቃ የምናመላልስ ነጋዴዎች ስለ ጠመንጃ መጻፋችን ሊያስገርም ይችላል። የመንገዳችን ታሪክ ግን ከጠመንጃ አይለይም። ካርቱም ራሷ የተቆረቆረችው የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ነው። የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ድል የሆኑት በዚያው ጦር መድፍ ነው።

የዚያ ዘመን ጠመንጃ፣ ዐረብኛው ቡንዱቂያ የሚለው፣ በአፈሙዙ ነበር የሚጎርሰው። መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ ድቡልቡል የእርሳስ አረር ይገባና በዘንግ ይጠቀጠቃል። ደጋግሞ ሲተኮስ የባሩዱ ጥላሸት ውስጡን ያጠበዋል፤ አረሩም መሐል ላይ ይቀረቀራል። ባሩዱ ከረጠበ፣ ወይም ተኳሹ ተጣድፎ ባሩዱን ከረሳ ደግሞ አረሩ ከነጭራሹ አይወጣም። ከኋላ የሚከፈት ነገር ስለሌለው መውጫው የገባበት አፍ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀጥቃጭ የሚሠራው ትንሽ ብረት ነው። በዘንጉ ጫፍ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ሹል ይተከላል። ሹሉ መሐል ለመሐል እንዲሄድና ግድግዳውን እንዳይቧጭር የናስ ቀለበት ይደረግለታል። ባሩዱ እንዳይነሣ በውኃ ከራሰ በኋላ ዘንጉ ይሽከረከራል፤ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ሹሉ ነክሶት ይገባል፤ ከዚያ ተስቦ ይወጣል።

ጠመንጃው በምፅዋ በኩል በንግድ ይገባ ነበር። የሚጠግነው ግን የአገሬው ቀጥቃጭ፣ ዐረብኛው ሐዳድ የሚለው ሰው ነው። በእኛ አገር ይህ ሰው ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር። ጠመንጃ ያለው ይከበራል፤ ጠመንጃውን ከዱላነት የሚያድነው ግን ይሰደባል።

ቴዎድሮስ ይህን ጉድለት ያዩ ይመስለናል። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። እሱም በአፉ የሚጎርስ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ የገጠማቸው የእንግሊዝ ጦር ግን ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ይዞ መጣ። አንዱ ወገን በዘንግ ሲጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ባለእጅን መስደብ በአዋጅ የተከለከለው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ነው።

ዛሬ የምናሻግረው ፓምፕና ጄኔሬተር ነው። ገዢው የሚጠይቀን ዋጋውን ነው፤ መለዋወጫው የት እንደሚገኝና ማን እንደሚጠግነው ግን ከመጫናችን በፊት እኛ ራሳችን እንጠይቅ።