በሥራ ሰዓት ስፖርት መሥራት ሥራን ይበድላል?

ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሠራተኛ ለስፖርት ሲል ከወንበሩ ቢነሳ፣ ለብዙ አሠሪዎች የሚታያቸው የባከነ ሰዓት ነው። በስዊድን የተካሄደ አንድ ጥናት ግን ይህን ስሌት ያጠያይቃል።

በጎርጎሮሳውያኑ 2011 የታተመው ጥናት በስድስት የጥርስ ሕክምና መስጫዎች የሚሠሩ 177 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። መስጫዎቹ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ሠራተኞች በየሳምንቱ ከሥራ ሰዓታቸው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ስፖርት እንዲሠሩ ግዴታ ሆነባቸው። የሁለተኛው ቡድን የሥራ ሰዓት ከ40 ወደ 37 ሰዓት ተኩል ዝቅ አለ፤ ስፖርት ግን አልታዘዘለትም። ሦስተኛው እንደቀድሞው ቀጠለ።

የጥርስ ሕክምና ከቢሮ ሥራ እንደሚለይ ግልጽ ነው። ሆኖም የታከመ ሰው ይቆጠራል፤ የቢሮ ሠራተኛን ውጤት እንዲህ በቀላሉ መቁጠር አይቻልም።

በዓመቱ ውስጥ የታካሚዎች ቁጥር በሦስቱም ቡድኖች ጨመረ። ከፍተኛው ጭማሪ የተመዘገበው ስፖርት በሠሩት ዘንድ ሳይሆን የሥራ ሰዓታቸው ብቻ በተቀነሰላቸው ዘንድ ነበር። ስፖርት የሠሩት በበኩላቸው የሚያከናውኑት ሥራ መጠንና የመሥራት አቅማቸው ከፍ ማለቱን ተናግረዋል፤ በሕመም ምክንያት ከሥራ መቅረታቸውም ቀንሷል። ስለዚህ ስፖርት ብቻውን ምርታማነትን ያሳድጋል ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ለስፖርት የተሰጠው ሰዓት ሥራውን አላጓደለም ማለት ግን ይቻላል፤ ለአሠሪ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

በ2008 የታተመ የእንግሊዝ ጥናትም የቢሮ ሠራተኞች ስፖርት በሠሩባቸው ቀናት ስሜታቸውም የሥራ ክንውናቸውም የተሻለ እንደነበር መግለጻቸውን አስፍሯል። ይህ ሰዎች ስለራሳቸው የሰጡት ምስክርነት በመሆኑ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

ሁለት ሰዓት ተኩል 150 ደቂቃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ ሳምንታዊ እንቅስቃሴ ዝቅተኛው መጠንም ይኸው ነው። እንደ ድርጅቱ መረጃ በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው ከተመከረው መጠን በታች ይንቀሳቀሱ ነበር። ከሴቶች 34 በመቶ፣ ከወንዶች 29 በመቶ መሆኑ ጉዳዩ ከስንፍና ይልቅ ከጊዜ ጋር ሳይያያዝ እንደማይቀር ይጠቁማል። ከቢሮ ወጥታ ታክሲ ተሰልፋ፣ ቤት ስትደርስ ምግብና ልጆች ለሚጠብቋት ሴት «ከሥራ በኋላ ስፖርት ሥሪ» የሚለው ምክር ብዙም አይጠቅምም።

የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የታወቁ ጥረቶች ያተኮሩት በዕረፍት ቀን ላይ ነው። ኪጋሊ በ2016 ጎዳናዎቿን ለእግረኞች ነጻ የምታደርግበትን ዕለተ እሑድ ጀመረች፤ አዲስ አበባም በ2018 «መንገድ ለሰው»ን አስከተለች። የሩዋንዳ መንግሥት ከዚህ አልፎ ለሠራተኞቹ የዓርብ ከሰዓት የስፖርት ጊዜ መፍቀዱ በቀጣናው ብዙ ያልተለመደ እርምጃ ነው።

አሠሪው ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ አንድ ማቅለያ አለው። እንቅስቃሴው ሳይቋረጥ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለው የቀድሞ ቅድመ ሁኔታ ቀርቷል፤ በአሳንሰር ፈንታ ደረጃ መውጣትና እስከ ታክሲ መያዣው ፈጠን ብሎ መራመድም ይቆጠራሉ።