የአራዳ ጊዮርጊስ ደወልና የየካቲት እሳት

የካቲት በአራዳ ሁለት ቀን አለው። በ12 የሰማዕታት መታሰቢያ ነው፤ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ይቀመጣል። አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ 23 ይገባል፤ የአድዋ ድል የተገኘበት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስም ወርኃዊ በዓል የሆነው ቀን። በሁለቱም ዕለት ፒያሳ ላይ የሚሰማው ደወል የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። አድዋ ስለ ዘመተው ታቦቱ ብዙ ተጽፏል፣ ተተርኳል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ስለ ነደደው ቤተ ክርስቲያን የሚነገረው ግን በጣም ያነሰ ነው፤ ያው ጥቂቱም እስከ ዛሬ ያከራክራል። የዚህ ሳምንት ጽሑፌ በእሱ ላይ ነው። መነሻዬን ግን ገጠር አደርጋለሁ፤ አብዛኛው የጥንት አራዳ ነዋሪ ደወል ማድመጥን የተማረው እዚያ ነውና።

በገጠሩ ደብር ደወል ከአጥሩ ውስጥ፣ ከጽድ ወይም ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ፣ አለዚያም በሁለት ምሰሶ መካከል በተጋደመ እንጨት ላይ ይሰቀላል። አቅም ያለው ደብር የነሐስ ደወል አለው። የሌለው የመድፍ ቀለህ፣ የመኪና ቸርኬ፣ ያገኘውን ብረት ይሰቅላል። በጣና ገዳማትና በሰሜን ባሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ይታያሉ። ወፍራሙ ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭኑ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ዲያቆናቱ በድንጋይ ወይም በእንጨት እየተቀባበሉ ሲመቱት ዜማ ያለው ጥሪ ይሆናል። ከ1512 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን በገመድ የተንጠለጠሉ የድንጋይ ደወሎች አይቶ ጽፎላቸዋል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም እዚያው ናቸው።

የደወል አመጣጥ ሲጠየቅ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ወደ ኖኅ ይመልሱናል። የሶርያ ክርስቲያኖች ጥንታዊ ትረካም ይህንኑ ይላል፦ ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ከእንጨት ደወል አበጀ፤ በቀን ሦስት ጊዜ መታው። ጠዋት ሠራተኞቹን ለመሰብሰብ፣ ቀትር ላይ ለምግብ፣ ማታ ለዕረፍት። ትረካው እውነተኛ የገጠር ሰው ያወራው ይመስላል። የሦስቱንም ጥቅም የገዳም ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚያም መነኮሳቱ ለጸሎት፣ ለማዕድና ለሥራ የሚነሱት በደወል ነው።

በደብር ደወሉን የሚመታው የሳምንቱ ሰሞነኛ ነው። ዲያቆናቱ ተራ ይገባሉ፤ የቆሎ ተማሪዎችም ያግዟቸዋል። ሌሊት ለሰዓታት፣ ንጋት ላይ ለኪዳን፣ ከዚያ ለቅዳሴ ይደወላል። ለቅዳሴ ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሰው ከመኝታው ይነሳል፣ በሁለተኛው ነጠላውን አጣፍቶ መንገድ ይጀምራል፣ ሦስተኛው ሳይደወል ቅጥሩን ይረግጣል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ወደ ቀን ስለሚዞር ደወሉም አብሮ ይዞራል፤ ገበሬውም የእርሻውን ሰዓት በዚያ ያስተካክላል። ለቀብር ሲደወል ደግሞ እየዘገየ፣ ፋታ እየሰጠ ነው። ከማዶ ያለች ባልቴት ገና ሁለቴ ሲመታ «ማን አረፈ?» ብላ ትወጣለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያለ ሰዓቱ የሚመታው ደወል ነው። እሳት ሲነሳ፣ ወራሪ ሲመጣ፣ ሽፍታ ከብት ሲነዳ፣ አንበጣ ሲወርድ ዲያቆኑ ወደ ደወሉ ይሮጣል። ይህ ደወል ቆጠራ የለውም፤ ያለ ፋታ ይመታል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ሰምቶ ከቤቱ የቀረ ሰው በማግሥቱ «የት ነበርክ?» መባሉ አይቀርም፣ መልሱም ይመዘናል። የገጠር ደወል የብረት ጩኸት ብቻ አይደለም። በሚመቱትና በሚሰሙት መካከል ያለ ቃል ኪዳን ነው።

በእንግሊዝ ገጠርም ደወል የቡድን ሥራ ነው። ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች በማማው ውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ገመድ ይስባል፤ የደወሎቹን ቅደም ተከተል በየዙሩ እየለወጡ ለረጅም ሰዓት ይደውላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በሰኔ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የቤተ ክርስቲያን ደወሎችን ሁሉ ዝም አሰኘ፤ እንዲደወሉ የተፈቀደው ጠላት አገር ውስጥ ከገባ ብቻ ነበር። ዝምታው የተሰበረው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የኤል አላሜይንን ድል ለማብሰር ነው። እንግሊዞች በአዋጅ ያወጡትን ሕግ የእኛ ገጠር ማንም ሳያውጅለት ኖሮበታል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ይህ ልማድ ከሰዉ ጋር መጣ። ከመንዝ፣ ከቡልጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የመጣው ሰው የሰፈረው በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያና በየደብሩ ጥግ ነበር። በአራዳ ኮረብታ ላይ ጊዮርጊስ ቆሟል፤ ከአጠገቡ ትልቁ ገበያ ነበር፤ ከዚያ ቁልቁል ውቤ በረሃ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ። የመጨረሻው ሰፈር ስሙን ያገኘው በወንዙ ገደል ውስጥ የሚዘረፍ መንገደኛ ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው እየተባለ ይነገራል። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው ከበላዩ ካለው ኮረብታ የሚወርደው ደወል ትልቅ ነገር ነው። ማለዳን ያበስረዋል፣ ሞት ሲኖር ይነግረዋል፣ በዓል ሲሆን ሽቅብ ይጠራዋል። ከየአገሩ የተሰባሰበውን፣ በቋንቋና በሙያ የተለያየውን ሕዝብ የአንድ አጥቢያ ሰው ያደረገው ይህ ጥሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ግንብ ከአድዋ በኋላ የተሠራ ነው። ንድፉን ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ለጣሊያን ፋሺስቶች ጊዮርጊስ ሁለት ነገር ነበር፤ የአድዋ ሽንፈታቸው ሐውልትና የኢትዮጵያ ነገሥታት መንበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አገሪቱን የያዘው የጣሊያን መንግሥት እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የኔፕልስ ልዑልን መወለድ ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆስሎ ሆስፒታል ገባ። በቅጥሩ ውስጥ የተሰበሰበው ችግረኛ እዚያው ተጨፈጨፈ። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ፋሺስቶች፣ ሾፌሮችና ሌሎች የጣሊያን ሲቪሎች ቤንዚን፣ ቦምብ፣ ዱላና የብረት ዘንግ ይዘው በየሰፈሩ ተሰማሩ። ሦስት ቀን ጎጆ ሲነድ ሰነበተ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ትላለች፤ ዘመናችን ካፈራቸው ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል።

በእነዚያ ቀናት ጊዮርጊስም ነደደ። በዚህ ክርክር የለም። ክርክሩ ማን አነደደው የሚለው ነው። አንደኛው ወገን ቃጠሎውን ከሰፈሮቹ ቃጠሎ ጋር ይደባልቀዋል፦ አለቃቸው ቆስሎባቸው ያበዱ ሰዎች፣ አዛዥ የሌለው መንጋ፣ ያገኘውን ሁሉ ሲያነድ ቤተ ክርስቲያኑንም አነደደ ይላል። ይህ አባባል ለጣሊያን ባለ ሥልጣናት የሚመች ነው፤ ጥፋቱን ስም ለሌለው ሕዝብ ይሰጣልና። ሁለተኛው ወገን ስም ይጠራል፦ ጉይዶ ኮርቴዜ፣ የአዲስ አበባ የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ። ለሦስት ቀን የፈለጋችሁትን አድርጉ ብሎ ተከታዮቹን የለቀቀ እሱ መሆኑን የዓይን ምስክሮች ተናግረዋል። ጋዜጠኛና ታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ከራሳቸው ከጣሊያናውያኑ አፍ የሰበሰበው ምስክርነት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለው በኮርቴዜ ትእዛዝ፣ እሱ ራሱ ቆሞ እያየ ነው ይላል።

ከዚሁ ምስክርነት ውስጥ ያገኘሁት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እሳቱ ሲለኮስ ሃምሳ ያህል ዲያቆናት አብረው ሊቃጠሉ ነበር፤ ያተረፋቸው የአንድ የጣሊያን ጦር ኮሎኔል ጣልቃ መግባት ነው ይላል። ሃምሳ ዲያቆናት! ሰሞነኞቹ፣ ሌሊት ተነስተው አራዳን የሚቀሰቅሱት ልጆች ማለት ናቸው። ከሰፈሩ የሚወጣውን ጭስ እያዩ፣ የሚመቱት ደወል አጠገባቸው ተሰቅሎ፣ ማንን ይጥሩ? የገጠሩ ሕግ የሚሠራው የሚደርስ ሰው ሲኖር ነው። በዚያ ቀን እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ ያለው ሁሉ የራሱ ቤት እየነደደበት፣ የራሱን ልጅ እየፈለገ ነበር። ከኮረብታው ደወሉ ቢጮህም ሽቅብ የሚወጣ ሰው በመንገድ ላይ ይገደል ነበር።

በእኔ እምነት የሁለተኛው ወገን ቃል ያመዝናል። አንደኛ፣ ጊዮርጊስ የሣር ጎጆ አይደለም። በንዴት የተወረወረ ችቦ ወፍራም የድንጋይ ግንብ አያነድም። ነዳጅ ማምጣት፣ ወደ ውስጥ ማስገባት፣ መጋረጃውንና እንጨቱን ለይቶ መለኮስ ይጠይቃል። ጊዜ፣ መኪናና የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ በደብረ ሊባኖስ ገዳም የተፈጸመው ግድያ ማንንም የሚያጠራጥር አይደለም። እዚያ መንጋ አልነበረም፤ ጄኔራል ማሌቲ ከግራዚያኒ በተቀበለው ትእዛዝ ፈጸመው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳት፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ቆጥሮ ጽፏል። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በኋላ ባደረጉት ጥናት የሟቾቹ ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ይደርሳል። ከአራዳው እሳት በኮሎኔሉ ቃል የተረፉት ዓይነት ልጆች፣ በደብረ ሊባኖስ የሚያስጥላቸው አላገኙም። በየካቲት ቤተ ክርስቲያኑን፣ በግንቦት ገዳሙን የመታው አንድ እጅ ነው። የተመታውም ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ፣ ሕዝቡንም የሚሰበስቡት ሰዎች ናቸው።

ግንቡ ድንጋይ ስለሆነ አልወደቀም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው፣ አዛወሩት፤ ጊዮርጊስም ከሕዝቡ ግርግር ጥቂት ራቀ። ከነጻነት በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ክርስቲያኑን አስጠገኑት። አፈወርቅ ተክሌ በሥዕልና በሞዛይክ አስዋቡት፤ የመስኮቶቹን ባለ ቀለም መስታወትም ሠሩ። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ ሙዚየም አለ፣ የነገሥታቱ አልባሳትና የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ይታዩበታል። ጎብኚ ይመጣል፣ አስጎብኚው ስለ አድዋ ታቦትና ስለ ዘውዱ ይተርካል። ስለ እሳቱ የሚነገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

በ2016 ዓ.ም. ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በአንድ ደወል ሥር የኖሩ ቤተሰቦች ዛሬ የሚኖሩት ድምፁ በማይደርስበት ሰፈር ነው። በወሩ 23 ግን ብዙዎቹ ከንጋት በፊት ተነስተው ታክሲና አውቶቡስ ቀያይረው ይመጣሉ። በቅጥሩ ውስጥ ሲገናኙ የሚጠያየቁት የድሮውን የቤት ቁጥርና የጎረቤትን ስም ነው።

በየካቲት 1929 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዲያቆን ዛሬ በሕይወት ቢኖር መቶ ሊሞላው ነው። የእነዚያን ቀናት ነገር ከአባታቸው ወይም ከአያታቸው አፍ የሰሙ ግን አሁንም አሉ፤ በ23 እነዚያ አውቶቡሶች ከሚያመጧቸው መካከል ናቸው። ጣሊያናዊው ምስክር ሃምሳ ያላቸውን ልጆች በስማቸው፣ በአባታቸው ስምና በመጡበት አገር ሊነግሩን የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ሰበካ ጉባኤው ለዚህ አንድ መዝገብ ቢከፍት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችም በቅጥሩ ውስጥ አረጋውያኑን እየጠየቁ ቢጽፉ፣ በዚህ የካቲት 23 ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።