የታደሰ ካርትሪጅ አስተማማኝነት

የጌዴኦ ዞን ርእሰ ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሌጅነት የተመሠረተው ተቋሟ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንዲህ ባለች የትምህርት ከተማ የፈተና ሰሞን የከሸፈ ካርትሪጅ ምትኩ ከመናገሻው ከተማ የሚጠበቅ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ቼስተር ካርልሰን በደረቅ ዱቄት ጽሑፍን ያባዛው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር። በ1984 ሌዘርጄት የተባለው ማተሚያ ለገበያ ሲቀርብ ዱቄቱና ድራሙ በአንድ ካርትሪጅ ተጠቃለሉ። ከዚህም የተነሣ ዱቄቱ ባለቀ ጊዜ ገና የሚያገለግለው ክፍል ሁሉ አብሮ የሚጣል ሆነ፤ የማደስ ሙያም ከዚሁ ተወለደ።

ይሁን እንጂ መሙላትና ማደስ አንድ አይደሉም። ዱቄት ብቻ የተጨመረበት ካርትሪጅ ያረጀ ድራሙን እንደያዘ ይመለሳል፤ ወረቀቱም መስመርና ጥላ ያወጣል። ማደስ ማለት ፈትቶ ማጽዳት፣ ያለቀውን ክፍል መለወጥና አትሞ መፈተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አይኤስኦ/አይኢሲ 19752 የተባለው ደረጃም የጥቁር ቶነር የገጽ ብዛት የሚለካበትን ሥርዓት ደነገገ።

ስለዚህ ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ምን ክፍል እንደተለወጠና ስንት ገጽ እንደሚያትም ነው።