«ከፈረንጅ የመጣ ነው» ከማለታችን በፊት፦ የማሌ አሽቲሜዎች

ወዳጆቼ፣ የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ላቨርን ኮክስ የምትባለውን አሜሪካዊት ተዋናይት በተከታታይ ፊልም አይቷት፣ ስለ ሕይወቷም አንብቦ፣ «መምህር፣ ይሄ ነገር የፈረንጅ ብቻ ነው አይደል? በኛ አገር ታሪክ ኖሮ አያውቅም አይደል?» ይላል። ጥያቄው የታሪክ ነው፤ በታሪክ ልመልስ።

መጀመሪያ ሴትዮዋን ለማታውቋት። ላቨርን ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአላባማ ግዛት፣ ሞቢል በምትባል ከተማ ተወለደች። ወንዶች ተብለው ከተወለዱ መንትዮች አንዷ ናት። እናታቸው ያለ አባት፣ ቤተ ክርስቲያን እየወሰዱ አሳደጓቸው። ሴት ነኝ የሚለው ስሜት ከልጅነቷ ጀምሮ ስለነበራት የሰፈርና የትምህርት ቤት ልጆች እያሳደዱ ይመቷት ነበር፤ በ11 ዓመቷ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ እንደነበር ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ዳንስ ተማረች፣ ኒው ዮርክ ገባች፣ ምግብ ቤት እየሠራች ለዓመታት የትወና ፈተና ስትፈተን ኖረች። የተሳካላት በ41 ዓመቷ ነው፤ በ2013 «ኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ሶፊያ የምትባል እስረኛ ሆና ስትተውን። በዓመቱ ለኤሚ ሽልማት በትወና ዘርፍ ታጨች፤ ትራንስጀንደር መሆኑን በይፋ ከተናገረ ሰው በዚያ ዘርፍ የታጨች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። አንድ ነገር ልጨምር፦ በድራማው ውስጥ የሶፊያን የድሮ ሕይወት፣ በወንድነት የኖረችበትን ጊዜ፣ የተወነው መንታ ወንድሟ ነው።

ወንድ የሴት ልብስ ለብሶ መድረክ መውጣቱ ለኛም እንግዳ አይደለም። በዘመናዊ ቴአትራችን የመጀመሪያ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እነ አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) ደፍረው መድረክ ላይ እስኪወጡ ድረስ ሙሽራዋም እናትየዋም ወንድ ነበር። ግን ያ ትወና ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ልብሱ ይወልቃል። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ትወና ሳይሆን ስለ ኑሮ ነው። የኑሮው መልስ ደግሞ ያለው እዚሁ ጎረቤታችን ነው።

ከጋሞ ደጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትወርዱ፣ ከጂንካ በስተምሥራቅ የማሌ ሕዝብ ይኖራል። ቋንቋቸው የኛው የኦሞቲክ ዘመድ ነው። እኛ ንጉሡን «ካዎ» ስንል እነሱ «ካቲ» ይላሉ። ዶናልድ ዶንሃም የተባለ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ምሁር በ1970ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ማሌ ገብቶ፣ ከሕዝቡ ጋር ኖሮ፣ ስለ ማሌ ሦስት መጻሕፍት ጽፏል። በ1990 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች እናነባለን።

አሽቲሜዎች በአካል ወንድ ሆነው የተወለዱ፣ ግን እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት የሚባለውን ሥራ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ቤት የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። ከወንዶች ጋር ይተኙ እንደነበርም ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዘመን ካቲዎቹ ይሰበስቧቸውና ይጠብቋቸው ነበር።

ለምን? ነገሩ ወዲህ ነው። በማሌ እምነት የእህሉም፣ የከብቱም፣ የልጁም በረከት ከላይ ከካቲው ነበር የሚወርደው። ካቲው የወንድነት ቁንጮ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ሥርዓቶች ላይ የሴትነት ነገር እንዳይቀርበው ክልክል ነበር። ለምሳሌ ከንጉሣዊ ሥርዓት በፊት ባለው ሌሊት ካቲው ከሴት ጋር እንዲተኛ አይፈቀድም፤ አሽቲሜን ግን ክልከላው አይነካም። አያችሁ፣ ማሌዎች «ወንድ» እና «ሴት» ከሚሉት ሌላ ሦስተኛ ስም ነበራቸው፤ ስሙን የተሸከመው ሰውም ቦታው የታወቀ ነበር።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ። ያ ዘመን ለአሽቲሜዎች ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ዶንሃም ያነጋገረው አንድ አሽቲሜ ስለ ራሱ የተናገረው በሐዘን ነው፦ ወንድ ቢሆን አግብቶ ይወልድ ነበር፣ ሴት ቢሆንም ተድሮ ይወልድ ነበር፣ እሱ ግን ከሁለቱም ሳይሆን ቀረ። ሰው በልጁ በሚቆጠርበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የካቲው ጥበቃም ከፍቅር የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሥርዓቱ ስለሚፈልጋቸው ነው። አሽቲሜ ማለት የዛሬው ትራንስጀንደር ማለት ነው ብዬም አላምታታችሁም። የላቨርን ኮክስ ዓለምና የካቲው ግቢ በጣም ይራራቃሉ። ያም ሆኖ «ኖሮ አያውቅም» የሚለው አባባል አይቆምም። ኖሯል፤ የኖረውም ፈረንጅ ማሌን ሳያይ ነው።

ታዲያ የት ደረሱ? ዶንሃም ማሌ ሲደርስ ቁጥራቸው በጣም አንሶ ነበር። የምኒልክ ጦር በ1890ዎቹ (በፈረንጆቹ) ማሌን ካስገበረ በኋላ የካቲው ሥልጣን እየሳሳ ሄደ። በ1967 ደግሞ አብዮቱና የእድገት በኅብረት ዘማቾች ደርሰው የቀረውን አፈረሱት። ባላባትነት መፍረሱን አልቃወምም፤ ብዙ ገበሬ ከጫና ወጥቶበታል። ግን እንደኔ ንባብ የንጉሡ ግቢ ሲፈርስ እዚያ ተጠልሎ የነበረው ሰውም ጥላው ተገፈፈ። አዲሱ ሥርዓት ምትክ ቦታ አላዘጋጀለትም።

ቦታ መንሳቱን እኛም ጋሞዎች እናውቅበታለን። ሸክላ ሠሪዋን «ማና»፣ ቆዳ ፋቂውን «ደጋላ» ብለን፣ በእንስራቸው ውሃ እየጠጣን፣ በቁርበታቸው ላይ እየተኛን፣ ዱቡሻ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው ቁጭ ብለው እንዳይመክሩ ከልክለናል። ያኔም የተባለው «ባህላችን ነው፣ ጎሜ ይሆናል» ነበር። ዛሬ ይሄን ስንሰማ አብዛኞቻችን እናፍራለን።

ግን ሌላም ባህል አለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ከቡራዩው ግድያ በኋላ፣ በሐዘንና በቁጣ የወጣ ወጣት እዚሁ አርባ ምንጭ ውስጥ በቀል ፍለጋ ሲተም አባቶቻችን እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ልጆቹም ተመለሱ። አባቶች ሳሩን ሲይዙ «ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ማነው? ይመስለናል ወይ?» ብለው አልጠየቁም።

ሕጉ የሚለውን አውቃለሁ፤ የየሃይማኖታችሁን ትምህርትም አከብራለሁ። ያ የራሱ ክርክር አለው፤ ዛሬ እሱ ውስጥ አልገባም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እዚሁ ፌስቡክ ላይ አረማመዱ ወይም አነጋገሩ «ሴት ሴት ይላል» የተባለን ልጅ ፎቶ እየለጠፉ «አድራሻውን ስጡን» የሚሉ ሰዎች አያለሁ። ከነሱም መካከል እኔ ያስተማርኳቸው አሉ። ምክንያታቸው ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፦ «ባህላችንን ለመጠበቅ»።

ልጆቼ፣ በታሪክ ስም ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡት። ማሌዎች ከሁለቱም አልሆን ላለው ሰው ስም አውጥተውለት አኖሩት እንጂ አላሳደዱትም። የጋሞ አባቶችም ለሚያሳድደው ወጣት ሳር ያዙበት። የምትጠብቁት የትኛውን ባህል ነው?

ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉ፤ የማሌ ልጆች በተለይ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ጨምሩልን፣ ያረማችሁኝም ተመስግናችሁ ነው። ስድብ ግን አጠፋለሁ። ቸር ያሰንብተን።